የውሻዋ ጎድን

ከቢሮ ጽዳት ወደ እንስሳት መጠለያ የሄድኩት ወድጄ አልነበረም። እዚህ ጀርመን አገር፣ ኒደርራድ በሚባለው ሰፈር፣ ሊዮነር ሽትራሰ ላይ ካሉት ትልልቅ ሕንፃዎች በአንዱ ሁለት ፎቅ ሳጸዳ ብዙ ዓመት ኖሬ፣ ሰዉ ከቤቱ ሆኖ መሥራት ሲለምድ ሕንፃው ባዶውን ቀረ። ባዶ ፎቅ ደግሞ ጠራጊ አይፈልግም። ዮብሴንተር፣ ሥራ አጥ የሚስተናገድበት ቢሮ፣ እየተመላለስኩ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ስጠብቅ የከረምኩበትን ጊዜ ማስታወስ አልወድም። በመጨረሻ መንገዱን ያሳየችኝ ልጄ ናት። ቬስትኤንድ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ዳር ባለ አንድ ቲርሃይም፣ ማለት የእንስሳት መጠለያ፣ እየሄደች ውሾች ታንሸራሽራለች። ያውም በነጻ። ይህን ለማንም ሀበሻ ነግሬ አላውቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ ጫማዋን ጭቃ አልብሳ መጣችና «ማማ፣ ጽዳት የሚሠራ ሰው ይፈልጋሉ» አለችኝ። በጀርመንኛ ነው ያለችኝ። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በጀርመንኛ ትመልሳለች፤ እንደዚህ ነው የምንግባባው።

የመጀመሪያውን ወር አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ ሠራሁ። ቤተ ክርስቲያን ያገኘችኝ አንዲት ሴት «ከሰው ሽንት ቤት ወደ ውሻ ሽንት ቤት አደግሽ አሉ» ብላ በሰው ፊት ሳቀችብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

እንስሳ መርዳት ወግና ሥርዓት ያለው ሥራ መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም። አዲስ የመጣው ሁሉ መጀመሪያ ለብቻው ይቀመጣል፤ በሽታ ይዞ መጥቶ ሌላውን እንዳይጨርስ። ይመዘናል። ሐኪም ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ ጥፍሩን ታያለች። ጠፍቶ ከሆነ ባለቤቱ ይፈለጋል፤ ካልተገኘ አዲስ ቤት ይፈለግለታል። ግን «ይሄን ወደድኩት» ላለ ሁሉ አይሰጥም። አንዲት ሴትዮ የፈላጊውን ቤት ሄዳ ታያለች። ስንተኛ ፎቅ ነው? ሊፍት አለው? ውሻው በቀን ስንት ሰዓት ብቻውን ይውላል? እናንተ ብትታመሙ ማን ያየዋል? ጠይቃ፣ ውል አስፈርማ፣ ወራት ሲያልፉ ደግሞ ተመልሳ ትጠይቃለች። እኔ እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ብታመም ማን እንደሚያየኝ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም። መጥረጊያውን ይዤ ይህን እያሰብኩ ስንገበገብ የዋልኩባቸው ቀኖች ነበሩ።

ያ ንዴት የለቀቀኝ በአንዲት ጥንቸል ምክንያት ነው። አንድ ማለዳ በር ላይ በሙዝ ካርቶን ተጥላ አገኘናት፤ የኋላ እግሮቿ አይታዘዟትም። የመጠለያው ኃላፊ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ከቦቲ ጫማዋ የማትወርድ፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። ያን ቀን ሙሉ ጥንቸሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ውሃ በጠብታ ስታጠጣት ዋለች። ጥንቸሏ አልተረፈችም። ሴትዮዋ እጇን ታጠበችና ወደ እኔ ዞራ «እነሱ መናገር አይችሉም፤ ስለዚህ ማየቱ የእኛ ሥራ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማየት አስተማረችኝ። የውሻ ጎድን በመዳፍ ሥር ሊሰማ ይገባል እንጂ ለዓይን መታየት የለበትም። ጥፍሩ ከተጠማዘዘ አይራመድም ማለት ነው። ጆሮው ከሸተተ የሚነካው ሰው የለም። ጽዳቱን ሳልተው ቀስ በቀስ ወደ እንስሳቱ አስጠጋችኝ፤ እኔም ኮራሁ። የማንንም እንስሳ ሥቃይ አይቼ ዝም ብዬ አላልፍም አልኩ።

ጋሼ የምላቸው ሽማግሌ ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው ነበር የሚኖሩት፤ ጊንሃይም ሰፈር፣ የቴሌቪዥኑ ማማ በመስኮት ድቅን ከሚልበት ሕንፃ። በተማሪነት መጥተው፣ አገር ቤት መንግሥት ሲገለበጥ እዚሁ የቀሩ መሐንዲስ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ጀርመናዊት ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅ አልወለዱም። የቀረቻቸው ሚስታቸው ያሳደገቻት ቡናማ ውሻ ናት። ስም ነበራት፤ እሳቸው ግን «እሜቴ» ነው የሚሏት። «እሜቴ ዛሬ አኩርፋለች»፣ «እሜቴ ይህን ዝናብ አልወደደችውም» ይሉኛል ሊፍት ውስጥ፣ ባርኔጣቸውን አንስተው።

የእኛ ሰው ቤታቸው አይገባም። ሰበቡ ውሻዋ ናት። አንዱ ጠጉሯ ልብሴን ያረክሰዋል ይላል፣ ሌላው ውሻ ባለበት ቤት እህል አልቀምስም ይላል። ሚስታቸው የሞተች ጊዜ እንኳ ለቅሶ የተደረሳቸው በአዳራሽ ነው። ሰዉ ከአዳራሹ ተበተነ፤ እሳቸው ውሻዋ ወዳለችበት ቤት ብቻቸውን ወጡ። እኔም ያኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

መጠለያው ከገባሁ በኋላ ግን ተቀራረብን። ሥራዬን ስነግራቸው ያልሳቁ ሀበሻ እሳቸው ብቻ ናቸው። «ከእኔ ይሻላል፤ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ለቧንቧ ነው» አሉኝ። አልፎ አልፎ እሑድ ከሰዓት እየወጣሁ ሰላም እላቸው ጀመር። የድሮ አማርኛ ነበራቸው፤ ያማረ። ከሳቸው ጋር ስቀመጥ የራሴ አማርኛ ምን ያህል ጀርመንኛ እንደተቀላቀለበት ይታወቀኝ ነበር።

ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን ሊፍት ውስጥ አገኘኋቸው። ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ወደ ውሻዋ ነው። ጥፍሯ ተጠማዝዞ ወለሉ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። የጀርባ አጥንቷ ተደርድሮ ይቆጠራል። ጆሮዋ ይሸታል። ጋሼ ባርኔጣቸውን አንስተው «እሜቴ አርጅታለች» አሉኝ፤ ሳቅ ብዬ ወረድኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ወጣሁ። በኪሴ የውሻ ጥፍር መቁረጫ ይዣለሁ። ለእሳቸው ምንም አልያዝኩም፤ ይህን አሁን ሳስበው ፊቴን በእጄ እሸፍናለሁ። ቤቱ ይሞቅ ነበር፤ እሳቸው ግን ካፖርት ለብሰው፣ አንገታቸውን ጠቅልለው ነው በሩን የከፈቱልኝ። ወጥ ቤት ገባን። ምድጃው ላይ ጋዜጣ ተቆልሏል። የውሻዋ ሳህን ውስጥ ሻይ የነካው ዳቦ አለ፤ ጠረጴዛው ላይም እንደዚያው ሻይ የነካው ዳቦ አለ።

«ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?» አሉኝ።

«ዩኒቨርሲቲ ናት እኮ ጋሼ።»

«ለካ! ጊዜው እንዴት ይሮጣል።»

ጥፍሯን ስቆርጥ ዝም ብላ ሰጠችኝ። መዳፌን ጎድኗ ላይ አሳለፍኩ። መዳፌ አያስፈልግም ነበር፤ በዓይን ይታያል።

«ልጅሽስ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?» አሉኝ እንደገና። እርጅና ነው ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ የመጣሁበትን ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ውሻዋ በጣም ከስታለች። ሐኪም ይያት። ከፈለጉ እኔ እወስዳታለሁ።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «እሜቴ እኔ የምበላውን ነው የምትበላው። ያጎደልኩባት ነገር የለም።»

«ለውሻ ዳቦና ሻይ አይሆንም፤ እርስዎም ያውቃሉ።»

«ቤቴ የመጣሽው ልትጠይቂኝ ነው ወይስ ልትፈትሺኝ?»

ተነሥተው በሩን ከፈቱልኝ። ድምፃቸውን እንደዚያ ቀዝቅዞ ሰምቼው አላውቅም። ወጣሁ። ተቀይሜ ነበር። «እኔ የምበላውን ነው የምትበላው» ሲሉ የነገሩኝን ነገር አልሰማሁትም፤ ግትርነት ነው የመሰለኝ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆየሁ። ውሻዋ ወደ ውጭ ስትወጣ አላየኋትም። ለኃላፊያችን ነገርኳት። «እኔ ላናግራቸው?» አለችኝ። እኛ ሽማግሌ በባዕድ አናስመክርም ብዬ እንቢ አልኩ። ሀበሻ ልልክባቸውም አልፈለግሁም፤ ማን ይወጣል? ስለዚህ አቋራጩን መረጥኩ። ለከተማው የእንስሳት ሐኪም ቢሮ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው ሰው ጨዋ ነበር፤ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ዝርያዋ ምንድን ነው? ዕድሜዋስ? ከከሳች ምን ያህል ጊዜ ሆናት? ውሃ ታገኛለች? ሁሉንም መለስኩ። ስለ ጋሼ የጠየቀኝ የለም፤ የደወልኩት የእንስሳት ቢሮ ነውና እሱ ላይ አልፈርድም። ስለ ጋሼ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ለሽማግሌ የሚደወልበትም ቢሮ እዚህ ከተማ አለ። ቁጥሩን ፈልጌ አላውቅም።

ከሁለት ቀን በኋላ ከቢሮው ሁለት ሴቶች መጡ። ከሥራ ቀርቼ ነበር፤ የሊፍቱን ድምፅ ሰምቼ በደረጃ ወጣሁና መታጠፊያው ላይ ቆምኩ። ጋሼ በሩን ሲከፍቱ ክራቫት አስረዋል። ሴቶቹ ስልክ ደውለው እንደሚመጡ ነግረዋቸው ኖሮ ሲጠብቋቸው ቆይተዋል። በዚያ በጠራ ጀርመንኛቸው «ግቡ፣ እባካችሁ ግቡ፤ እንግዳ ከመጣብኝ ቆይቷል» አሉ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሴቶቹ ውሻዋን በገመድ ይዘው ወጡ። አልጮኹባቸውም፣ አላዋረዷቸውም። ወረቀት ሰጧቸው፤ እስክትድን ድረስ ነው አሏቸው። ጋሼ ወረቀቱን እንደያዙ ወደ ደረጃው ቀና ሲሉ አዩኝ።

«ልጄ፣ አንቺ ነሽ? ወደ እናንተ ጋ ነው አሉ የሚወስዷት። እግዜር ነው ያመጣሽ። አደራ፣ እሜቴን እይልኝ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

መጠለያው ለውሻዋ ያላደረገው ነገር የለም። ሐኪሟ የታመሙ ጥርሶቿን ነቀለች፣ ጆሮዋን በየቀኑ አጠብንላት፣ ሆዷ እንዳይታወክ መጀመሪያ በትንሽ በትንሹ አበላናት። ሰኞ ሰኞ እመዝናታለሁ፤ የሚዛኑ መርፌ ወደ ላይ ባለ ቁጥር ኃላፊያችን ትከሻዬን መታ ታደርገኛለች። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ታንሸራሽራታለች። የመጀመሪያው ሳምንት ፎቶዋን በስልኬ አንሥቼ ለጋሼ አሳየኋቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ አዩት። «መቼ ትመጣለች?» አሉኝ። «በቅርቡ» አልኩ። ከዚያ በኋላ መውጣት ከበደኝ። በሊፍት ፈንታ በደረጃ እሄድ ጀመር፤ እንዳንገናኝ።

እሳቸው ግን በየቀኑ መጠለያው ይደውሉ ነበር። ይህን የነገረችኝ ኃላፊያችን ናት። «በየጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ይደውላሉ» አለችኝ። «በላች ወይ ብቻ ነው የሚሉኝ። አዎ ስላቸው አመስግነው ይዘጋሉ።» ጎረቤቴ መሆናቸውን ታውቃለች። «እንዴት ናቸው?» ስትለኝ «ደህና ናቸው» አልኳት። ሳላያቸው።

አንድ ቀን ውሾቹን አብልቼ ስመለስ ቢሮዋ ጠራችኝ። «ሽማግሌው ዛሬ አልደወሉም» አለች። «ትናንትም አልደወሉም። ሄደሽ እያቸው። አሁን ሂጂ፤ ሥራውን ተይው።»

ኡባን፣ የከተማው ባቡር፣ ውስጥ ተቀምጬ ምናልባት ስልካቸው ተበላሽቶ ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። በሩን ደበደብኩ። ከውስጥ እንደ ማቃሰት ያለ ነገር ሰማሁ። ሃውስማይስተሩን፣ የሕንፃውን ጠባቂ ማለቴ ነው፣ ጠርቼ በመለዋወጫ ቁልፍ አስከፈትኩ። ጋሼ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወድቀው ነበር፤ በሕይወት አሉ። ካፖርታቸውን ገልጬ ከፍ ላደርጋቸው ብብታቸው ሥር እጄን ሳስገባ ጎድናቸውን አገኘሁት። አንድ በአንድ። ውሻዋን ስነካ የተሰማኝ ያው ነው። ማቀዝቀዣውን ከፈትኩት፤ ግማሽ ዳቦ አለ። ለካ ውሻዋ የከሳችው እሳቸው ስለተራቡ ነው። ያለውን እኩል ተካፍለው ነበር።

ሆስፒታል ያገኘችኝ ሐኪም ወጣት ናት። ከወራት በፊት ጀምሮ በቂ እንዳልበሉ፣ አእምሯቸውም ምግብ መሥራትና መግዛት እስኪረሳ ድረስ እንደደከመ ነገረችኝ። «ቤተሰብ ነሽ?» አለችኝ።

«ጎረቤት ነኝ።»

«ይህን ያየ ሰው አልነበረም?»

ሐኪሟ እየወቀሰችኝ አልነበረም፤ ለመዝገቡ ነው የጠየቀችኝ። «ማንም አላየም» አልኳት።

ከሆስፒታል ወደ አረጋውያን ቤት ወሰዷቸው። ውሻ አይገባም። ፍርድ ቤት የሾመላቸው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያዩት ሞግዚት ውሻዋ ለሌላ ሰው እንድትሰጥ ፈረመ። ግቢ ያላቸው ባልና ሚስት ተገኙ፤ ቤታቸው ታየ፣ ደረጃው ተቆጠረ፣ ብትታመሙስ ተባሉ። ሁሉም ጥሩ ነበር። ከመሄዷ በፊት ኃላፊያችን አረጋውያን ቤቱን ለምና ግቢያቸው ድረስ ይዛት እንድትመጣ አስፈቀደች። በዕረፍት ቀኗ፣ በራሷ መኪና ወሰደችን።

ጋሼ በተሽከርካሪ ወንበር አግዳሚው አጠገብ ተቀምጠዋል። ውሻዋ ከሩቅ አወቀቻቸው። ጎትታኝ ሄዳ ጭንቅላቷን ጉልበታቸው ላይ ጣለች፤ ጅራቷ መላ ሰውነቷን ያወዛውዘዋል። ጋሼ በትሕትና ግንባሯን ዳበሱ።

«ጋሼ፣ እሜቴ ናት እኮ።»

ወደ ኋላ ብለው አዩዋት። «አይደለችም» አሉኝ። «ይቺ በደንብ የበላች ውሻ ናት። የኔዋ ቀጭን ናት።»

ኃላፊያችን ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። ተረጎምኩላት። ወደ መኪናው ዞራ ቆመች።

በዚያ ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። ጋሼ ብቻቸውን ናቸው፣ ተራ እንግባና እንጠይቃቸው አልኩ። ሁሉም ከንፈሩን መጠጠ። አንድ ሰውዬ «ከሰው የለያቸው ያ ውሻ ነው፤ እግዚአብሔር ይማራቸው» አለ።

«ውሻው አይደለም!» አልኩ፤ ድምፄ ከቁጥጥሬ ወጣ። «እኛ ነን። ሊፍቱ እስከ ላይ ይወጣል፤ ማን ወጣ?»

«አንቺስ ጎረቤት አልነበርሽም?» አለኝ። ተቀመጥኩ። ስም ተመዘገበ፤ ተራ ወጣ። ሁለት ሰዎች አንድ አንድ ጊዜ ሄዱ። እኔ በየሳምንቱ ሄድኩ፤ ምግብ ይዤ። ያን ጊዜ ግን መዋጥ ከብዷቸው ነበር። ስልኩን የደወልኩት እኔ እንደሆንኩ አንድ ቀን ነገርኳቸው። «ደግ አደረግሽ» አሉኝ፤ ምን እንዳልኳቸው የገባቸው አይመስለኝም። ስለ ልጄ ክፍል ጠየቁኝ። ሰባተኛ ደርሳለች አልኳቸው፤ ደስ አላቸው።

ፋሲካ ሳይደርስ ሞቱ። ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት። እጄን ይዛ በጀርመንኛ «ትክክለኛውን ነው ያደረግሽው፤ ውሻዋ ትሞት ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ውሻዋ ድናለች፤ አሁንም አለች። ልጄ ይህን ስትለኝ ግን እጄን ነጥቄ ወደ መኝታ ቤት ገባሁ።

ቀብሩ ላይ መቃብር ቦታው በመኪና ተሞላ። አርባቸው ደግሞ በአዳራሽ ወጣ፤ ለነፍሳቸው የሚሆን ተዝካር። ሴቶቹ ለሁለት ቀን አብስለዋል። ጠረጴዛው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው። ሰው ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ተነሣ፣ ጠገበ፣ ስለ ጋሼ ጨዋነት ተጨዋወተ፤ ገና ብዙ ተረፈ። ያቺ ድሮ የሳቀችብኝ ሴት በትልቅ ዕቃ ሞልታ፣ ክዳኑን ግጥም አድርጋ ሰጠችኝ። «ውሰጅ፣ ለነፍሳቸው ነው፤ ይበላሻል» አለችኝ። ተቀበልኳት። ልጄ ሊፍቱን ጠራች፤ ዕቃውን ተሸክመን ቤታችን ገባን። ለሦስት ቀን እያሞቅሁ ከዚያ በላሁ።